የጠበቃው ወንበር

ጁን 12 ቀን 1840 ዓ.ም. (ዓመታቱ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ፍሪሜሶንስ ሆል በሚባለው አዳራሽ ብዙ መቶ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከብሪታንያ ከተሞች፣ ከአሜሪካ፣ ከፈረንሳይና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ነበሩ። ንጉሥ አልላካቸውም፤ ፓርላማም አልመረጣቸውም። የጠራቸው ከአንድ ዓመት በፊት የተቋቋመ የፀረ ባርነት ማኅበር ሲሆን፣ ዓላማቸውም በምድር ላይ የቀረውን ባርነት ሁሉ ማስወገድ ነበር። ጉባኤውን የከፈተው ቶማስ ክላርክሰን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ በየወደቡ እየዞረ ከመርከበኞች አፍ ምስክርነት ሲለቅም፣ የባሪያ ንግድን ግፍ በማስረጃ ሲያጋልጥ ከኀምሳ ዓመት በላይ ኖሯል። ወደ አዳራሹ ሲገባ ጉባኤተኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ በጸጥታ ተቀበለው።

ይሁን እንጂ ጉባኤው የመጀመሪያ ቀኑን የፈጀው ስለ ባሮች በመነጋገር አልነበረም። ከአሜሪካ ማኅበራት ተመርጠው፣ ውቅያኖስ አቋርጠው ከመጡት መልእክተኞች መካከል ሉክሪሺያ ማትን የመሰሉ ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች በአገራቸው ለባሮች ነፃነት ዓመታት ሙሉ የደከሙ፣ በ1838 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ውስጥ የተሰበሰቡበት አዳራሽ በባርነት ደጋፊዎች የጋየባቸው ነበሩ። አሁን ግን «ሴት በጉባኤ መቀመጥ ይገባታልን?» የሚል ክርክር ተነሣ። ዌንደል ፊሊፕስ የተባለው አሜሪካዊ የውክልና ደብዳቤያቸው እንደ ወንዶቹ ደብዳቤ እንዲቆጠር ጠየቀ። ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ የእንግሊዝን ልማድ ጠቀሱ፤ አንዳንዶቹ መጽሐፍ ቅዱስን ገለጡ፤ ሌሎቹም ነገሩ ጉባኤውን መሳቂያ ያደርገዋል ብለው ሰጉ። በመጨረሻም ጥያቄው በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ወደቀ። ሴቶቹም ከአዳራሹ ዳርቻ ለተመልካች በተለየው ስፍራ ተቀምጠው፣ ለብዙ ቀናት ያለ ድምፅ ሲሰሙ ሰነበቱ።

በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ ማለት ነው። በአንድ በኩል ሰዎች፣ አይተዋቸው ስለማያውቁ፣ ቋንቋቸውን ስለማይሰሙ፣ ምንም ብድር ሊመልሱላቸው ስለማይችሉ ወገኖቻቸው ጮኹ። በሌላው በኩል እነዚያው ሰዎች በፊታቸው የቆመውን፣ የራሱን ቃል በራሱ አንደበት ሊናገር የመጣውን ወገን አፉን ዘጉት። ይህ የጥቂት ሰዎች ግብዝነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ሰው በሌለበት ስለ እርሱ መናገር የሚገባው ማን ነው? የሚናገረውስ እስከ ምን ድረስ ነው? የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ለተከታዩ ዘመን ያወረሱት ታላቅ የሞራል ጥያቄ ይህ ነው።

*

እነዚህ ጉባኤዎች በድንገት የበቀሉ አይደሉም። በ1838 ዓ.ም. በእንፋሎት ኃይል የሚሄዱ መርከቦች አትላንቲክን ማቋረጥ ጀመሩ። በ1840 ዓ.ም. ብሪታንያ ውስጥ የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ለአገሩ ሁሉ አንድ ፔኒ ሆነ። የባቡር ሐዲድ ከተማን ከከተማ አቀራረበ። ቀድሞ በየሰበካቸውና በየመንደራቸው ተወስነው የነበሩ ማኅበሮች በዚህ የተነሣ ከባሕር ማዶ አቻዎቻቸው ጋር መጻጻፍ፣ መተዋወቅ፣ ቀጥሎም መሰብሰብ ቻሉ። ከ1840 በኋላ ጉባኤ ጉባኤን እየወለደ ሄደ። በ1843 ስለ ሰላም፣ በ1846 የአልኮል መጠጥን ስለ መከልከል ለንደን ላይ ተሰበሰቡ፤ በዚያው ዓመት ስለ ወኅኒ ቤቶች አያያዝ በፍራንክፈርት ተነጋገሩ። የሰላም ጉባኤው በ1848 በብራስልስ፣ በ1849 በፓሪስ፣ በ1850 በፍራንክፈርት፣ በ1851 እንደገና በለንደን ተደረገ። ለእያንዳንዱ የሰው ልጅ ሕመም አንድ ጉባኤ ተገኘለት ማለት ይቻላል።

አዲስ የሆነው ግን የመሰብሰቡ ብዛት አልነበረም። ከዚያ በፊት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ተሰብስበው የዓለምን ነገር የሚመክሩ ከሆነ፣ ወይ የነገሥታት መልእክተኞች፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ከዙፋን፣ ሁለተኛዎቹ ከመንበር ውክልና አላቸው። የለንደኑ ጉባኤተኞች ግን ወረቀት ቢኖራቸው የራሳቸው ማኅበር የጻፈው ነበር፤ ስለሚናገሩላቸው ባሮች ግን ከባሮቹ የተቀበሉት አንዳች ቃል አልነበረም። በአደባባይ ነገረ ፈጅ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ወከለህ?» ተብሎ ነው። ይህን ጥያቄ አንድ የጥጥ እርሻ ባሪያ ለክላርክሰን ቢያቀርብለት ኖሮ፣ ሽማግሌው ሊመልስ የሚችለው «ሕሊናዬ ወከለኝ» ብሎ ብቻ ነበር።

ይህ መልስ ይበቃልን? መብቃት አለበት የሚሉ ወገኖች ጠንካራ ምክንያት አላቸው። በሰንሰለት የታሰረ ሰው የውክልና ደብዳቤ አይጽፍም። ማንበብና መጻፍ በሕግ የተከለከለ ሰው አቤቱታ አያስገባም። ግፍ የሚበረታው የግፉዑን አንደበት በመዝጋቱ ስለሆነ፣ ጠበቃው ውክልና እስኪያገኝ ዝም ይበል ማለት፣ ግፈኛው አፍ በመለጎሙ ትርፍ ያግኝ ማለት ይሆናል። ጎረቤቱ ሲቃጠል ያየ ሰው «እሳቱን አጥፋልኝ ብሎ አልጠራኝም» ብሎ ቢቀመጥ፣ ትሕትናው ከጭካኔ አይለይም። ስለዚህ ስለሌላው መናገር አንዳንድ ጊዜ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። ክላርክሰንና ጓደኞቹ በ1787 ዓ.ም. በለንደን ኮሚቴ አቋቁመው ባይነሡ ኖሮ፣ ብሪታንያ በ1807 ዓ.ም. የባሪያ ንግድን መከልከሏ ምን ያህል ይዘገይ እንደ ነበር መገመት አይቻልም።

ነገር ግን የዚያው ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ የሙግቱን ሌላ ፊት ያሳያል። የብሪታንያ ፓርላማ በ1833 ዓ.ም. በቅኝ ግዛቶቹ ባርነት እንዲቀር ሲወስን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ። ካሣው የተከፈለው ለባሮቹ አልነበረም፤ ለባለቤቶቻቸው ነበር። የተገረፈው፣ የተሸጠው፣ ያለ ደመወዝ የኖረው ሰው አንዲት ሳንቲም ሳያገኝ፣ «ሥራ መልመጃ» በሚባል ስም ለጌታው እስከ 1838 ዓ.ም. እንዲያገለግል ተደረገ። ይህ እንዴት ሆነ? ሕጉ በተመከረበት ክፍል ውስጥ የባሪያ ባለቤቶች ነበሩ፤ የባሮቹ ጠበቆችም ነበሩ፤ ባሮቹ ግን አልነበሩም። ባለቤቶቹ ስለ ገንዘባቸው ተናገሩ፤ ጠበቆቹ ስለ ኀጢአት ተናገሩ። ስለ ላቡ ዋጋ ሊናገር የሚችለው ሰው ግን ወንበር አልተሰጠውም። ጠበቃ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን የባለጉዳዩን ቁስል በራሱ ሥጋ አያውቀውምና፣ በሚያጎድለው ነገር የሚጎዳው እርሱ አይደለም።

*

ወደ 1840ው አዳራሽ መመለስ ያሻል። ጉባኤው ከተጀመረ ከቀናት በኋላ፣ ከአሜሪካ ፀረ ባርነት መሪዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ለንደን ደረሰ። ሴቶቹ መገለላቸውን በሰማ ጊዜ የተዘጋጀለትን መቀመጫ አልቀበልም ብሎ፣ ከተመልካቾች ጋር ተቀመጠ። ከእርሱም ጋር ቻርልስ ሌኖክስ ሬመንድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሬመንድ ወደ ለንደን የተላከው በከፊል የሴቶች ማኅበሮች ባወጡት ገንዘብ ስለ ነበር፣ የላኩት ሴቶች ወገን በተገለለበት ጉባኤ መቀመጥን ክሕደት አድርጎ ቈጠረው። የሬመንድ ድርጊት ከዚያ ሁሉ ንግግር ይልቅ የሚያስተምር ነው። ጥቁር ሆኖ ስለ ጥቁሮች ነፃነት በተጠራ ጉባኤ ወንበር ማግኘት ትንሽ ነገር አልነበረም። እርሱ ግን የላኩትን ሰዎች ረስቶ ከሚቀመጥ፣ ከእነርሱ ጋር ሳይናገር መቀመጥን መረጠ።

ጉባኤውን ቤንጃሚን ሮበርት ሄይደን የተባለው ሠዓሊ በትልቅ ሸራ ላይ ሥሎታል፤ ሥዕሉ ዛሬም በለንደን የብሔራዊ የመልክ ሥዕሎች ቤተ መዘክር ንብረት ነው። ከመቶ የሚበልጡ ፊቶች ይታዩበታል። ክላርክሰን እጁን ዘርግቶ ይናገራል። ከፊት ለፊት ከተሣሉት ሰዎች አንዱ ከጃማይካ የመጣ፣ ከባርነት ነፃ የወጣው ሄንሪ ቤክፎርድ ነው። ቀና ብሎ ተናጋሪውን ያዳምጣል። ሠዓሊው ይህን ሰው ከፊት በማስቀመጡ ክብር እንደ ሰጠው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ሥዕሉን አተኩሮ የሚያይ ሰው የዘመኑን አስተሳሰብ በአንድ ጊዜ ይረዳል። የነፃነት ባለቤት የሆነው ሰው አድማጭ ነው፤ የሚናገረው ሌላ ነው። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዲሉ፣ ባርነትን በጀርባው የተሸከመው ሰው ስለ ባርነት ትምህርት ይሰጠዋል።

ከዳር የተቀመጡት ግን ዝም ብለው አልቀሩም። ከሉክሪሺያ ማት ጋር እዚያው ለንደን የተዋወቀች ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን የተባለች ወጣት ሙሽራ ነበረች። ስታንተን ኋላ እንደ ተረከችው፣ ስለ ሴቶች መብት የሚመክር ጉባኤ የመጥራት አሳብ የተፀነሰው በዚያን ጊዜ ነው። አሳቡ ለመወለድ ስምንት ዓመት ፈጀበት። ጁላይ 19 እና 20 ቀን 1848 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ሴኔካ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ጉባኤው ተደረገ፤ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች የአቋም መግለጫውን ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ራሱን ከባርነት ነፃ ያወጣው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነበር። እነዚህ ሴቶች ለንደን ላይ የተነፈጋቸውን ወንበር ራሳቸው ሠርተው ተቀመጡበት። ይሁንና በዚያ ጉባኤ መዝገብ አንዲትም ጥቁር ሴት ተገኝታ እንደ ነበር አይታይም። ከደጅ የቀረ ሰው የራሱን ቤት ሲሠራ፣ የእርሱም ቤት ደጅ እንዳለው ይዘነጋል። የተገፋ ሁሉ ሌላውን መግፋት አይችልም የሚለው እምነት እውነት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

*

በ1849 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረገውን የሰላም ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመራው ታላቁ ደራሲ ቪክቶር ሁጎ ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት ተባብረው አንድ የሚሆኑበት፣ የጦር ሜዳ በንግድ ገበያ፣ የመድፍ ጥይት በምርጫ ድምፅ የሚተካበት ቀን እንደሚመጣ ተናገረ። በዚያው ጉባኤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከባርነት ያመለጠው ዊልያም ዌልስ ብራውን ተነሥቶ፣ ባርነት ራሱ የማያቋርጥ ጦርነት መሆኑን አመለከተ። ስለ ሰላም የሚነጋገር ጉባኤ ጦርነት ማለት በሁለት መንግሥታት መካከል የሚደረግ ብቻ ነው ብሎ ሲያስብ፣ በጌታውና በአገልጋዩ መካከል ያለው ጦርነት እንዳይረሳ ያደረገው በዚያ ጦርነት ውስጥ የነበረው ሰው ነው። ባለጉዳዩ ሲናገር ክሱ ይለወጣል፤ ጠበቃው ያላየው ይታያል።

የሁጎን ራእይ ያደነቀ ሰው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያደረገውንም ንግግር ማወቅ አለበት። ሜይ 18 ቀን 1879 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ የባርነትን መቅረት ለማሰብ በተዘጋጀ ግብዣ ላይ፣ የፈረንሳይን ባሮች ነፃ ለማውጣት በደከመው በቪክቶር ሽልሸር ፊት፣ ሁጎ አፍሪካን እግዚአብሔር ለአውሮፓ እንደ ሰጣት፣ አውሮፓም በመድፍ ሳይሆን በማረሻ፣ በሰይፍ ሳይሆን በንግድ እንድትይዛት አሳሰበ። ሰውየው አልተለወጠም፤ ያው የሰላምና የወንድማማችነት ሰባኪ ነው። ከልቡም ተናግሯል። ነገር ግን በፓሪሱ የ1849 ጉባኤ አንድ ጥቁር ሰው ተነሥቶ ተናግሮ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. «ማረሻው የማን ነው? መሬቱስ የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ከአፍሪካ የመጣ ሰው አልነበረም። ቅን ልብ መልስ የሚሰጠው ሰው በፊቱ ከሌለ፣ የራሱን ምኞት የሌላው ፈቃድ አድርጎ መቍጠር አይሳነውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ከኖቬምበር 15 ቀን 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1885 ዓ.ም. 14 መንግሥታት በበርሊን ተቀምጠው ስለ አፍሪካ ተዋዋሉ። ይህ የሕዝብ ማኅበሮች ሳይሆን የመንግሥታት ጉባኤ ነበር፤ ሆኖም ቋንቋውን የተበደረው ከፀረ ባርነት ጉባኤዎች ነው። የውሉ 6ኛ አንቀጽ ተዋዋዮቹ የአገሬውን ሕዝብ እንደሚጠብቁና ባርነትን እንደሚያጠፉ ይናገራል። ከኖቬምበር 1889 እስከ ጁላይ 1890 ዓ.ም. ደግሞ 17 መንግሥታት የባሪያ ንግድን ለማጥፋት በብራስልስ ተሰበሰቡ። አስተናጋጁ የኮንጎ ጌታ የሆነው የቤልጂክ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ነበር። የብራስልሱ ውል የባሪያ ንግድ መድኃኒቱ በአፍሪካ መሀል የአውሮፓ አስተዳደርን ማቋቋም፣ ምሽግና የባቡር ሐዲድ መሥራት፣ ለአፍሪካውያንም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ መከልከል መሆኑን ዘረዘረ። ለንጉሡም በኮንጎ የገቢ ቀረጥ እንዲያስከፍል ተፈቀደለት። ባርነትን ለማጥፋት በሚል ስም ሥልጣኑ የተደላደለለት ንጉሥ፣ በኮንጎ ሕዝብ ላይ በጎማ ለቀማ ምክንያት ያደረሰው ግፍ ከባርነት ያልተሻለ እንደ ነበር ዓለም የሰማው ዘግይቶ ነው። ለንደን ላይ በ1840 ዓ.ም. የተጀመረው «ስለ እነርሱ እንናገር» የሚለው ቃል፣ ኀምሳ ዓመት ሳይሞላው «ስለ እነርሱ እናስተዳድር» ወደሚል ተለወጠ።

*

ይህ የውክልና ነገር ኢትዮጵያንም በቀጥታ የነካት በዚያው ወራት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣሊያንኛው ቃል ግን የግድ በኢጣሊያ በኩል እንዲሆን ያደርጋል። ኢጣሊያም የብራስልሱ ጉባኤ ሊከፈት አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ በኦክቶበር 1889 ዓ.ም. ይህን አንቀጽ ለኃያላን መንግሥታት አስታውቃ ራሷን የኢትዮጵያ አንደበት አደረገች። ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ባወቁ ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1893 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በዓድዋ ላይ ተቆረጠ። ዓድዋ ብዙ ትርጉም አለው። ከእነዚህም አንዱ «ማን ወከለህ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑ ነው።

ነገር ግን እውነቱ እዚህ ላይ አያልቅም፤ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጥያቄው ቀላል በሆነ ነበር። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ባርነት ነበረ። ሰዎች ከመንደራቸው እየተነጠቁ ይሸጡ ይለወጡ ነበር፤ በየቤተ መንግሥቱና በየባላባቱ ቤት ያገለግሉ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1924 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ዓ.ም. ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1935 ዓ.ም. ለወረራዋ ማመኻኛ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ካቀረበችው ክስ አንዱ ይኸው ባርነት ነበር። በመርዝ ጢስ ሕዝብ ለመፍጀት የተዘጋጀ መንግሥት የባሮች ጠበቃ ሆኖ ቀረበ።

ሁለት ስሕተቶች እዚህ ላይ ይደቀናሉ። የመጀመሪያው፣ ክሱ እውነት ስለ ሆነ ከሳሹም ጻድቅ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከሳሹ ግፈኛ ስለ ሆነ ክሱም ሐሰት ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ለተከሳሽ አገር ወዳዶች በጣም የሚጥም ነው። የውጭ ጠላት የሚያነሣውን ነውር መካድ የአገር ፍቅር ይመስላል። ነገር ግን በጅማ ገበያ የተሸጠችው ልጅ፣ ክሱን ያቀረበው ማንም ይሁን ማን፣ መሸጧ እውነት ነው። እርስዋም በጄኔቭም ሆነ በአዲስ አበባ ወንበር አልነበራትም። አንደኛው ወገን በስሟ አገር ለመያዝ ተናገረ፤ ሌላኛው ወገን ስለ አገር ክብር ሲል ስሟን ሳያነሣ ቀረ። እውነተኛ ክስ በአታላይ አፍ ቢነገርም እውነትነቱ አይቀርም። አታላዩን የሚያሳፍረውም ክሱን መካድ ሳይሆን፣ ግፉን ራስ ቀድሞ ማስወገድ ነው። ነፃነቱን በዓድዋ ያስከበረ መንግሥት፣ ከዓድዋ እስከ 1942 ዓ.ም. ባሉት 46 ዓመታት ይህን ለማድረግ ያሳየው መዘግየት፣ ከኢጣሊያ ወንጀል ጋር የሚመዛዘን ባይሆንም፣ ከታሪክ ሚዛን ላይ የሚወርድ አይደለም።

*

እንግዲህ ጠበቃ ፈጽሞ ይቅር፣ ባለጉዳይ ብቻ ይናገር የሚል ሊነሣ ይችላል። ይህም በተግባር የተፈተነ አሳብ ነው። በሴፕቴምበር 1864 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ማኅበር፣ የሠራተኛው መደብ ነፃ መውጣት በራሱ በሠራተኛው የሚፈጸም መሆኑን በደንቡ መግቢያ ላይ አስቀመጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጄኔቭ የመጀመሪያ ጉባኤውን ሲያደርግ፣ ከፈረንሳይ የመጡ መልእክተኞች በእጁ የማይሠራ ሰው መልእክተኛ ሆኖ አይቀመጥ የሚል አሳብ አቀረቡ። አሳቡ የተፈራ የከበርቴ ጠበቆችን ሞግዚትነት የሚያስቀር ይመስላል። የእንግሊዝ ሠራተኞች ግን አልተቀበሉትም፤ ለሠራተኛው በአሳባቸው የደከሙ ሰዎች በመዳፋቸው ልስላሴ ምክንያት ሊገለሉ አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ አሳቡም ወደቀ። ያ ጉባኤ የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት እንዲሆን የጠየቀውም ጠበቃውን አባርሮ ሳይሆን፣ ጠበቃውን ከሠራተኛው ጋር አስቀምጦ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በ1840 ዓ.ም. የተፈጸመው በደል ጠበቆች መናገራቸው አልነበረም። ባለጉዳዩ በመጣ ጊዜ ወንበሩን አለመልቀቃቸው ነው። ጠበቃ ወንበሩን የሚይዘው በአደራ ነው። ባለጉዳዩ እስር ላይ ሳለ አደራው ሙሉ ነው፤ ባለጉዳዩ ከደጅ ሲደርስ አደራው ይጠባል፤ ባለጉዳዩ ሲቀመጥ ጠበቃው ከጎኑ ይቆማል። ያልወከለውን ሰው ስም ይዞ የሚናገር ሰው፣ ቅን ይሁን አታላይ መለየት የሚቻለው በንግግሩ ውበት አይደለም፤ አታላይም አሳምሮ ይናገራል። የሚለየው ባለጉዳዩ በደረሰ ጊዜ በሚታይበት ፊት ነው። ቅኑ ደስ ይለዋል፤ ሌላው ይታወካል።

በጁላይ 1900 ዓ.ም. ይህ ፈተና እዚያው ለንደን ላይ ተደረገ። የትሪኒዳድ ተወላጅ የሆነው ሄንሪ ሲልቬስተር ዊልያምስ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን አሊስ ኪንሎክን ከመሰሉ ሰዎች ጋር ሆኖ አንድ የአፍሪካውያን ማኅበር አቋቁሞ ነበር። አሁን በዌስትሚኒስተር ከተማ አዳራሽ የመጀመሪያውን የፓን አፍሪካን ጉባኤ ጠራ። ለሦስት ቀናት፣ ከ23 እስከ 25፣ ከአሜሪካ፣ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ሠላሳ ያህል መልእክተኞች ተቀመጡ። የጉባኤው ሊቀ መንበር ጥቁሩ ጳጳስ አሌክሳንደር ዋልተርስ ነበር። ዱ ቦይስ የመጪው መቶ ዓመት ትልቅ ችግር የቀለም ልዩነት መሆኑን የሚያስገነዝብ መልእክት ለዓለም መንግሥታት አዘጋጀ። በደቡብ አፍሪካና በሮዴሽያ ስላለው የግዳጅ ሥራም ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤቱታ ቀረበ። የፀረ ባርነት ማኅበር ሰዎች በአዳራሹ ነበሩ፤ ይሁንና አስተናጋጆችና ዳኞች ሆነው ሳይሆን እንግዶች ሆነው ነበር።

ከተናጋሪዎቹ አንዷ አና ጁልያ ኩፐር ነበረች። የተወለደችው በሰሜን ካሮላይና ከባሪያ እናት፣ ባሪያ ሆና ነው። ክላርክሰን ከተናገረ፣ ሴቶቹም ከዳር ከተቀመጡ 60 ዓመት ሆኖ ነበር። ሴትም፣ ጥቁርም፣ በባርነት የተወለደችም ይህች መምህርት በዚያው ከተማ በጉባኤ ፊት ቆማ ስለ ወገኖቿ ጉዳይ በራሷ አንደበት ተናገረች። ያ የ1840 ጉባኤ ማንነቷን በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ሊያዝንለት፣ ሌላውን ሊያገልለው ይችል ነበር። እርስዋ ግን ሳትከፈል ቆመች።

ኢትዮጵያም በዚያ አዳራሽ ተወክላ ነበር። ዐፄ ምኒልክን ያገለገለው ሄይቲያዊው ቤኒቶ ሲልቬን በስማቸው ተገኘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሄይቲና ከላይቤርያ ፕሬዚዳንቶች ጋር የአዲሱ ማኅበር የክብር አባል ሆነው ተሰየሙ። ለዓድዋ ድል ይህ ተገቢ ክብር ነበር። ሆኖም ያን ቀን የኢትዮጵያ ስም በጭብጨባ ሲጠራ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ገና በባርነት የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ስለ እነርሱ የሚናገር ወንበር ያን ጊዜም ባዶ ነበር።

የጉባኤዎቹን ታሪክ በዚህ መልክ የሚያነብ ሰው ፈርጆ ለመነሣት አይቸኩልም። ክላርክሰን ባይናገር ኩፐር አትቆምም ነበር ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ከዳር ባይቀመጡ ሴኔካ ፎልስ ባልተጠራ ነበር ማለትም እንዲሁ። ግን አንዱ ትውልድ ያዘጋጀውን ወንበር ሌላው ትውልድ የተቀመጠበት፣ ሰጪው በቸርነት ስለ ለቀቀለት ብቻ አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ ባለጉዳዩ ራሱ መጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ተከልክሎ፣ እንደገና መጥቶ ነው። ዛሬም በስደተኛው ስም፣ በድኻው ስም፣ በገበሬው ስም የሚሰበሰብ ጉባኤ አልጠፋም። በእነዚያ አዳራሾች መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው መድረኩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን፣ ከደጅ የቆመው ነው፤ በሩን የሚጠብቀውም ማን እንደ ሆነ ነው።